ሠርጉን ዞሮ የሚያልፍ መስመር

ለሥራው የወጣው ማስታወቂያ የጠየቀው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ በአየር ጠባይ ጥናት ዲግሪና ወደ ኋላ የሚታጠፍ አንገት። ማዕዶት ሁለቱም ነበራት። ዲግሪውን ያመጣችው ከኖርዌይ ነው፤ አንገቱ የእናቷ ነው። ከሌሎቹ አመልካቾች ሦስቱ ከእርሷ የተሻለ ማስረጃ ይዘው ቢቀርቡም፣ ፈታኙ «እስቲ ጣሪያውን እዩልኝ» ሲላቸው ዓይናቸውን ብቻ ሽቅብ እያንከባለሉ ቀሩ።

አይፈረድባቸውም። በሁለት ሺህ ዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ነፋስ በር ከተማ ውስጥ ሰው ሽቅብ ማየት ከተወ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ካርታው አለ። ድሮ የቀን መቁጠሪያ ይሰቀልበት በነበረው ግድግዳ ላይ በየቤቱ አንድ ካርታ ተሰቅሏል። ከተማዋን፣ ከሥሯ የተዘረጋውን ቆላ፣ በላያቸው የሚሄዱትንም መስመሮች ያሳያል። ሰማያዊ ጥርስ ያለው መስመር ቀዝቃዛ አየር እየገፋ የሚመጣ ግንባር ነው፤ ቀይ ግማሽ ክብ ያለው ደግሞ ሞቃት። ጥርሱ የሚያመለክተው ወደሚሄድበት ነው። ይህን የአራት ዓመት ልጅ ያውቀዋል። ዝናብ ሊጥል አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ካርታው ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ የልብስ ማስጫ ገመዱ ልብሱን እንደያዘ ወደ ቤት ይሰበሰባል። ባጃጆች ጣሪያ የላቸውም፤ ዝናብ በሚጥልበት ሰፈር አያልፉማ። ጎረቤት ከጎረቤት ጠዋት ሲገናኝ «ካርታሽ እንዴት አደረ?» ይባባላል።

ታዲያ ካርታው ፈራሚ ያስፈልገዋል። ሕጉ የወጣው ሰዎች መስመሩን የሚሥለውን ማሽን ገና በሚጠራጠሩበት ዘመን ነበር፤ የሚሽረው ስላልተገኘ እስካሁን አለ። በየቀኑ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ አንድ ሰው የአየር ጠባይ ጣቢያው ማማ ላይ ወጥቶ ሰማዩን ያያል፣ መስመሩን ያያል፣ ይፈርማል። ማዕዶት በስምንት ወር ውስጥ ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ ፈርማለች። አንድም ቀን መስመሩን ተሳስቶ አላገኘችውም። ሌላው ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር፤ እርሷን ግን ከነከናት። ለዚህ ነው እንዴ አሥራ ሁለት ዓመት ብርድ ላይ የተማርኩት? ትላለች። ተመልሼ የመጣሁት አንገቴን ላከራይ ነው?

በቅበላው ዋዜማ፣ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የነገውን መስመር ስታይ ሻይዋን አስቀመጠች።

ግንባሩ ከቀይ ባሕር በኩል ቆላውን ይዞ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ጥርሶቹ ተሰልፈዋል። መስመሩ ቀጥ ብሎ መጥቶ መጥቶ፣ ነፋስ በር ሲደርስ እጥፍ አለ። ከተማዋን በስተግራ ትቶ፣ አንድ ሜዳና አንድ ቤት ዙሮ፣ በወዲያኛው በኩል ተመልሶ ገጠመና መንገዱን ቀጠለ። ሽማግሌዎች የተቀመጡበት ደረሰና ገለል ብሎ ያለፈ ጨዋ ሰው ይመስላል።

«ይኼ እጥፋት ምንድን ነው?» ብላ ካርታውን ጠየቀችው።

«መስመሩ ከጣቢያው መዝገብ ጋር ይስማማል» አለ ካርታው።

«ቀዝቃዛ አየር ሰው ቤት አይቶ አይታጠፍም።»

«መስመሩ ከጣቢያው መዝገብ ጋር ይስማማል።»

እጥፋቱ ውስጥ ያለውን ቤት አጉልታ አየችው። የጋሽ ደርበው ቤት ነበር። ጋሽ ደርበው ከእርሷ በፊት ሠላሳ ዓመት በዚህ ማማ ላይ የፈረሙ ሰው ናቸው። ሜዳው ደግሞ ነገ አንድ ልጃቸው አስካለ የምትዳርበት ሜዳ ነው። ስድስት መቶ ሰው ተጠርቷል። «የሰማይ ፈቃዱ» ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ወጥቷል፤ ያለ እርሱ ከሃምሳ ሰው በላይ ጣሪያ በሌለው ቦታ መሰብሰብ አይቻልም፤ ካርታው ዝናብ ካሳየ ፈቃዱ ወዲያው ይሞታል።

ማዕዶት ስልክ አነሳች። ከቆላው ጥግ፣ ጨው ሜዳ ላይ ያለውን ጣቢያ የምትጠብቅ ሐዋ የምትባል አፋር አለች፤ በየሳምንቱ ይደዋወላሉ፤ ፊት ለፊት ግን ተያይተው አያውቁም።

«የኖርዌይዋ» አለች ሐዋ። «ዛሬ ምን ተገኘ?»

«ንፋሱ እንዴት ነው እዚያ?»

«ስለ ንፋሱ አትጠይቂኝ። ልክ በአራት ሰዓት ከሰሜን ዞሮ መጣና ሻሼን ወሰደው። አሁን ግመል ላይ ይሁን ሰው ላይ ይሁን አላውቅም። ሙቀቱም ወረደ፤ ስድስት ዲግሪ። ሹራብ ለብሻለሁ ብልሽ ታምኚኛለሽ?»

«ከእናንተ በላይ ያለው ጣቢያስ?»

«እነርሱ ጋ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ጎህ ሲቀድ ነው የመታቸው።»

በሁለቱ ጣቢያዎች መካከል ስድሳ ኪሎ ሜትር አለ። ግንባሩ ይህን በአራት ሰዓት ውስጥ ከፈጀው፣ በሰዓት አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። ከጨው ሜዳ እስከ ነፋስ በር አራት መቶ ሠላሳ አምስት። ማዕዶት በእርሳስ አካፈለችው፤ ሃያ ዘጠኝ ሰዓት። ነገ፣ እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ሙሽሮቹ ኬክ ሲቆርሱ።

ከዚያ የድሮ ካርታዎችን አስወጣች። የነፋስ በርን እጥፋት ፍለጋ ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ ሄደች። ዐሥራ አንድ አገኘች። ዐሥራ አንዱም የሠርግ ቀን ነበር። በየአንዳንዱ ቀን ከመዝገቡ ላይ በአንድ እጅ ጽሕፈት «ጥሩ ሰማይ» ተብሎ ተጽፏል። በማግሥቱ ሰኞ ደግሞ፣ በዚያው እጅ ጽሕፈት፣ «ከባድ ዝናብ»።

የማማው ደረጃ ተንቋቋ። ጋሽ ደርበው ጡረታ ከወጡም በኋላ በየቀኑ ይመጣሉ፤ እግራቸው ሌላ መንገድ አያውቅም። ዛሬ በላስቲክ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ይዘዋል።

«ለፈራሚዬ» አሉና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ቤት እንዳትመጪ፤ ሴቶቹ ሽንኩርት ያስልጡሻል።»

«ጋሽ ደርበው፣ ይቀመጡ እስቲ።» መዝገቡን ወደ እርሳቸው አዞረች። «ይኼ የእርስዎ ጽሕፈት ነው?»

መነጽራቸውን ሰቅለው አዩት፤ ፊታቸው ቀላ።

«የእኔ ነው።»

«ሰኞ ሰኞ ብቻ ነበር እንዴ የሚዘንበው?»

ጋሽ ደርበው ዳቦውን ገለጥ አድርገው መልሰው ሸፈኑት። «ልጄ፣ የሰው ሠርግ ላይ እንዴት አድርጌ ዝናብ ብዬ እጽፋለሁ? ሟርት ነው። ሙሽራዪቱ ነገ ከባሏ ብትጣላ ‹ደርበው ጽፎብኝ ነው› ትለኛለች። ስለዚህ ሰኞ ላይ አደርገዋለሁ። ዝናቡን አልሰረቅሁም እኮ፤ አሳደርኩት እንጂ።»

«ሰውስ? ሜዳ ላይ ሲደበደብ ምን አለ?»

«ምን ይላል? ሠርግ የጠራውን ሰው ሊያሳፍር ነው? የአቶ መንግሥቱ ልጅ ሠርግ ላይ ወጡ ሾርባ እስኪሆን ዘነበ። ‹ትንሽ ካፊያ ናት፣ በረከት ናት› እያልን በላን። ሁለት ሰው ሳንባው ታመመ፤ እርሱንም ጉንፋን አልነው።»

ማዕዶት ሳቋን ዋጠችው። ማሽኑ ሠላሳ ዓመት የተማረው ከዚህ ሰው ነው። ሰማዩን ሳይሆን ይሉኝታን አጥንቶ፣ ነፋስ በር ላይ በሠርግ ቀን ዝናብ እንደማይጥል አውቆ አረፈው።

«የነገው ካፊያ አይደለም» አለች፤ መስመሩን አሳየቻቸው፤ የሐዋን ነገር ነገረቻቸው። «ከታች ያለው አየር የጋለ ነው፣ ከላይ የሚመጣው በረዶ ነው። ሲገናኙ መብረቅም አለ። ስድስት መቶ ሰው፣ ባዶ ሜዳ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። ሲናገሩ ድምፃቸው የመንግሥት ሠራተኛ ድምፅ አልነበረም።

«ፈቃዱን ከገደልሽው ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሊሆን ነው። ሰኞ ጾም ይገባል። ሙሽራው ረቡዕ ባሕር ላይ ለሥራ ይሄዳል፤ ሁለት ዓመት። ሁለት ዓመት የጠበቀች ልጅ ምን እንደምትሆን እግዜር ነው የሚያውቀው።» ተነሡ። «ፈርሚው፣ እቴ። ሰኞ እናስተካክለዋለን። ደግሞስ በነፋስ በር ግንባር ስንቴ መጣ? አንቺ የተማርሽበት አገር ይሆናል።»

ይህቺ የመጨረሻዋ ቃል ናት የወጋቻት። ኖርዌይ ግንባር በሳምንት ሁለቴ እንደ አውቶቡስ ይመጣል። እዚህ ዓመት ጠብቆ አንዴ፣ ያውም ጅራቱ። የተማረችውን እያየች ይሆን? ማማው ጫፍ ወጣች። ሰማዩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ንጹሕ ነው። ቆላው በሙቀት ጭጋግ ተሸፍኗል። በዓይን የሚታይ አንድም ነገር የለም፤ የእርሳስ ስሌትና የሐዋ ሻሽ ብቻ።

ለስድስት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው ተመልሳ ገባች፤ እጥፋቱን በጣቷ ደመሰሰችው፤ መስመሩን ቀጥ አድርጋ በእጇ ሣለችው፤ ከሥሩ ስሟን ጻፈች።

በነፋስ በር ያሉ ካርታዎች በሙሉ በአንድ ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

የጋሽ ደርበውን ደጅ ስትረግጥ ግቢው ጭር አለ። ሽንኩርት ላጮቹ ቢላቸውን ይዘው ቀሩ። አስካለ እጇ እስከ ክንዷ ድረስ እንሶስላ ተቀብቶ በፌስታል ተጠቅልሏል፤ ከበርጩማው ሳትነሣ አየቻት።

«አንቺ ነሽ ሠርጌ ላይ የምትዘንቢው?»

«እኔ ነኝ።»

«ከተሳሳትሽስ?»

«ከተሳሳትኩ ሻንጣዬን ይዤ ወደ መጣሁበት።»

«እርሱ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ልጁ ረቡዕ ይሄዳል» አለች አስካለ፤ አታለቅስም፣ ትቆጥራለች እንጂ። ዓይኗ በበሩ በኩል በሚታየው የግድግዳ ካርታ ላይ በቀይ ፊደል በወጣው ማስታወቂያ ላይ ነበር። ጮክ ብላ አነበበችው፤ «ጣሪያ የሌለው ስብስብ ተከልክሏል።» ቆም አለች። «ጣሪያ ያለውስ?»

ማዕዶት ሕጉን በልቧ አገላበጠችው። «ጣሪያ ካለው ፈቃድም አያስፈልገውም።»

«የስድስት መቶ ሰው ጣሪያ ከየት ሊመጣ?» አሉ ጋሽ ደርበው ከበሩ።

ከሽንኩርት ላጮቹ መካከል አንዲት አሮጊት «ድንኳን» አሉ። ልጆቹ ምን እንደሆነ ጠየቁ። ከጨርቅ የሚሠራ ቤት ነው፤ ይቆምና ይታጠፋል፤ ድሮ ለሠርግም ለለቅሶም ነበር ተባሉ። «እድራችን አልነበረውም? ጫንያለው ያውቃል።»

አቶ ጫንያለው የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ በከዘራ ይሄዳሉ፤ በእድሩ ደንብ ይኖራሉ። ማዕዶትና ጋሽ ደርበው ቤታቸው ሲደርሱ የእድሩን መጋዘን ቁልፍ እንደ መስቀል አንገታቸው ላይ አድርገውት አገኟቸው።

«ድንኳኑ አለ» አሉ። «ዝናብም ፀሐይም ሳይነካው አለ። ካርታው ሲመጣ ‹እናስወግደው› የሚል አጀንዳ ተያዘ። የእድር ንብረት ለማስወገድ ምልዓተ ጉባኤ መሙላት አለበት። ቢያንስ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት አባል። ሠላሳ አንድ ዓመት ጠራን፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አልሞላም።»

«እግዚአብሔር ይስጥልን» አለች ማዕዶት። «እንግዲህ እናውጣው።»

«አይወጣም።»

«ለምን?»

«ጉዳዩ በአጀንዳ ላይ ነው። በአጀንዳ ላይ ያለ ንብረት ጉባኤው ሳይወስን አይነካም።»

ጋሽ ደርበው ትዕግሥታቸው አለቀ። «ጫንያለው፣ የክርስትና ልጅህ እኮ ናት የምትዳረው።»

«ለዚህ ነው የምጠነቀቀው። በክርስትና ልጄ ሠርግ ላይ ሕግ አልጥስም።» ከዘራቸውን አሻሹ፤ ጥቂት አሰቡ። «ነገ ስንት ሰው ጠራህ?»

«ስድስት መቶ።»

«ከእነርሱ ውስጥ የእድር አባል ስንት ነው?»

ጋሽ ደርበው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ።

እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ በነፋስ በር ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የእድሩ ምልዓተ ጉባኤ ሞላ። ፈቃድ ስለሌለ ሃምሳ ሃምሳ እየሆኑ፣ በየዛፉ ሥር በቡድን ተከፋፍለው ነው የቆሙት። ሰው ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ ነው የመጣው። አቶ ጫንያለው ከከዘራቸው ጋር ከቡድን ቡድን እየዞሩ አጀንዳውን አነበቡ፤ «ድንኳኑን ስለማስወገድ።» «አናስወግድም» የሚል እጅ በየዛፉ ሥር ተነሣ። አንድ ሰው ብቻ ተቃወመ፤ አማቹ ጎን ለጎን ቆሞ ስለነበር በኋላ ሐሳቡን ቀየረ። ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት እጅ ተቆጠረ።

ድንኳኑ ሲወጣ የናፍታሊን ሽታው ሽቶውን ሁሉ አሸነፈው። ማቆሙን የሚያውቅ ግን ከአቶ ጫንያለው በቀር አልነበረም። በርጩማ ላይ ተቀምጠው በከዘራ እየጠቆሙ አዘዙ። ሚዜዎቹ ኮታቸውን አውልቀው ገመድ ጎተቱ፤ ሁለቴ ወደቀባቸው፤ በሦስተኛው ግን ቆመ፤ አንድ ጥጉ ትንሽ አጋድሎ። «ተዉት» አሉ ዳኛው። «ድሮም እንደዚያ ነበር።»

ምሳ ተበላ፤ ተዘፈነ፤ ማዕዶት ግን ምሳዋን አልነካችም። በየአምስት ደቂቃው ከድንኳኑ ወጥታ ወደ ቆላው ታያለች። ስምንት ሰዓት። ምንም። ስምንት ተኩል። ምንም። ዘጠኝ ሰዓት ሞላ፤ ፀሐዩ ድንኳኑን እንደ መጥበሻ አጋለው፤ ስድስት መቶ ሰው በናፍታሊን እየታጠነ ያልባል።

«ዘጠኝ ሰዓት ያለችው የኖርዌይን ይሆን?» አለ ከሚዜዎቹ አንዱ። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። ማዕዶትም ሳቀች። አስካለ ከሙሽራው ጎን ሆና ስታያት ተያዩ። ሙሽራዪቱ ያጋደለውን የድንኳን ጥግ በዓይኗ አሳየቻት። ሸራው ቅድም ወደ ውስጥ ያብጥ ነበር። አሁን ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ንፋሱ ቆሟል።

ማዕዶት ሮጣ ወጣች። ዘጠኝ ከዐሥራ አምስት። ቆላውን የሸፈነው ጭጋግ ከወዲያ በኩል በቢላ እንደተቆረጠ ሆኖ፣ ከሥሩ ግራጫ መደርደሪያ የመሰለ ደመና ወደ ገደሉ እየወጣ ነበር። መጽሐፍ ላይ ያየችው፣ ካርታ ላይ የሣለችው መስመር፣ እነሆ ራሱ፤ ጥርስ ብቻ ነው የሚቀረው። ከዚያ ንፋሱ ተመለሰ፤ ከሰሜን፣ ቀዝቃዛ፣ የአቧራና የጨው ሽታ ይዞ። የሐዋ ጨው።

«መጣ» አለች። ጮክ ብላ አልነበረም።

ሰው አንድ በአንድ ወጣ። ቀድመው የወጡት ጋሽ ደርበው ናቸው። እጃቸውን ማጅራታቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ወደ ኋላ አጠፉት። ከኋላቸው ያሉትም እንዲሁ አደረጉ፤ አንዱ የሌላውን ማጅራት እየደገፈ፤ አጥንት ሲንቋቋ ይሰማል። «ኧረ ይኼ ሁሉ እላያችን ላይ ነበር እንዴ?» አለች አንዲት ሴትዮ።

ዘጠኝ ከሃያ ሁለት ላይ የመጀመሪያው በረዶ የከበሮውን ቆዳ መታ። ሁሉም ተጋፍቶ ገባ። ከዚያ በኋላ ሰው የሰው ድምፅ አልሰማም፤ ሸራው ላይ የሚወርደው ድምፅ ከበሮውን ተክቶ ስለነበር በእርሱ ተጨፈረ። መብረቁ ሜዳው ዳር ያለችውን ባሕር ዛፍ ለሁለት ሰነጠቃት፤ ነገ ጠዋት እንዲህ ሆነች ብለው ያወሩላታል። አንድም ሰው «ካፊያ ናት» አላለም።

ያጋደለው ጥግ ሥር፣ ውኃ በቀጭኑ በሚወርድበት፣ ጋሽ ደርበው ማዕዶትን በክርኗ ያዟት።

«መዝገቡን ይዘሻል?»

ከቦርሳዋ አወጣች። ብዕሩንም ሰጠቻቸው።

ቀኑን ጻፉ፤ እሑድ። እጃቸው ትንሽ ቆም አለ። ሙሽራዪቱን አዩ፤ አስካለ እንሶስላ በተቀባ እጇ በረዶ ለቅማ ሙሽራው አንገት ውስጥ እየከተተች ነበር።

«የበረዶ ምልክቱ እንዴት ነበር?» አሉ። «ከጻፍኩት ቆየ።»

«ትንሽ ሦስት ማዕዘን ነው።»

ሣሉት። ወደ ላይ አንሥተው አዩት፣ ወደ ታች አዩት፣ ከአጠገቡ ደግሞ ሌላ ሣሉ፣ ሌላም፤ ጥርስ የሚመስል ረድፍ ሆነ። ከሥሩ ስማቸውን ጻፉና መዝገቡን መለሱላት።

በጋሽ ደርበው ቤት፣ ማንም በሌለበት ሳሎን፣ ግድግዳው ላይ ያለው ካርታ ጉሮሮውን ጠረገና ከአሥራ ሁለት ደቂቃ በኋላ ዝናብ ሊጥል እንደሚችል በትሕትና አስታወቀ።